በማን ነው የምንስቀው?

ውድ እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ቀልድ ነው፤ ነገሩ ግን ቀልድ አይደለም።

አለባቸው ተካን የማታውቁ ልጆች በመካከላችን አላችሁ። እሱና ልመንህ ታደሰ ሁለት ሆነው ሲቀልዱ ያደግን እኛ ግን አንረሳውም። ያኔ አገራችን ያለው ቴሌቪዥን ጣቢያ አንድ ብቻ ነው። ለበዓል እነሱ ይቀርባሉ ከተባለ ጎረቤቱ ሁሉ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ይሰበሰባል፤ እኔ በር ላይ ቆሜ ነበር የማየው። በኋላ በ1990ዎቹ ዓ.ም. አለባቸው «አለቤ ሾው» የሚባል የራሱን ፕሮግራም በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ይዞ መጣ። እንግዳ እየጠራ ያወያይ ጀመር። በመኪና አደጋ ሲሞት ስንቱ አለቀሰ!

እኔን የሚገርመኝ፣ በመናገር እንጀራ የበላ ሰው ወንበር ስቦ ሌላውን ማዳመጡ ነው። ለነገሩ ድሮም ብቻውን አልነበረም። እሱ ሲነካው ልመንህ ይመልስለታል።

ይህን ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2025 ከሴፕቴምበር 26 እስከ ኦክቶበር 9 እዚሁ ሪያድ ትልቅ የቀልድ ፌስቲቫል ነበር፤ ዴቭ ሻፔልና ኬቨን ሃርት ሳይቀሩ መጥተዋል። የቤታችን ልጅ አይቶ ሲመለስ እሱንም ቀልድ አማረውና እራት ላይ የእኔን አረብኛ ማስመሰል ጀመረ። ሁሉም ሳቁ። እኔም ትሪውን እንደያዝኩ ሳቅሁ፤ ምን ላድርግ? ወጥ ቤት ስገባ ግን ሆዴ ባር ባር አለኝ።

ያን ጊዜ ትዝ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት። መላዝ በምንሰበሰብበት ክፍል ጁምዓ ጁምዓ የማሳቃችሁ እኔ እንደሆንኩ ታውቃላችሁ። ማዳሜ ጥፍሯን እየነፋች «ያላ! ያላ!» ስትል ሳስመስላት እንባ እስኪወጣን ስቀናል። በዚህ አላፍርም። እሷ ምንም አይጎድልባትም፤ እኛ ሳምንቱን የምንችለው በዚያች ሳቅ ነው። ልጅቷ ግን ከመጣች ሁለት ወር አልሞላትም ነበር። ማዳሟ መክነሳ አምጪ ስትላት መክዋ፣ መጥረጊያው ቀርቶ ካውያውን ማለት ነው፣ ይዛ መሄዷንና የደረሰባትን ስድብ አምና ነገረችን። በሚቀጥለው ጁምዓ እኔ እሷን ሆኜ ሠራሁላችሁ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እሷም ስኒውን እንደያዘች ሳቀች። ከዚያ ወዲያ አልመጣችም። «ሥራ በዝቶባት ነው» አልን።

አንዷ ጓደኛችን «የገዛ እህታችን አይደለችም እንዴ? እርስ በርስ ካልተሳሳቅን በማን ልንስቅ ነው?» ትለኛለች። የ«ጣሽ ማ ጣሽ» ሰዎች፣ ናስር አልቀሰቢና አብዱላህ አልሰድሓን፣ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በረመዳን የሚያስቁት በብዛት በገዛ ወገናቸው ነበር። እውነት ነው። ግን እነሱ የሚቀልዱበት ባለ ሥልጣንም ባለ ገንዘብም መልስ አያጣም፤ ቁጣውም ደርሶባቸዋል። የእኛ ልጅ ምን ትመልስ? አማርኛዋ ሳይቀር ያን ቀን ጠፋባት። ወገን መሆኔ ይበልጥ አሳመማት እንጂ አላቀለለላትም።

ባለፈው ሳምንት ደወልኩላት። «እትዬ፣ ደህና ነኝ፣ እመጣለሁ» አለችኝ። ይቅርታውን ግን በስልክ አልጠየቅኳትም። የሳቅንባት ሰው ሞልቶ ነው፤ በጆሮዋ ሹክ ብላት ለእኔ ይቀለኛል እንጂ ለእሷ ምኗ ነው? ጁምዓ ከመጣች፣ እባካችሁ፣ ቡናው ሳይቀዳ ዝም በሉልኝ።