ሞአ ለምን አልቸኮለም?

ሰጎን በአንድ ዓመት ገደማ ቁመቷን ትጨርሳለች። የኒውዚላንዱ ክንፍ አልባ ግዙፍ ወፍ፣ ሞአ፣ ግን አይቸኩልም ነበር። በፈረንጆቹ 2005 የወጣ ጥናት አጥንቱ ውስጥ እንደ ዛፍ ግንድ ያሉ የዕድገት ቀለበቶች አገኘ፤ አንዳንዱ ዝርያ አድጎ ለመጨረስ እስከ 10 ዓመት ይፈጅበት ነበር። አንበሳና ጅብ በሌለበት ደሴት ምን ያስቸኩለዋል?

በ13ኛው ክፍለ ዘመን ሰዎች መጡ። በ200 ዓመት ገደማ ውስጥ ሞአ አለቀ፤ የሚታደነው ከሚተካው በልጦ።

ታዲያ አዳኞቹ ጥፋተኞች ናቸው? እኔ አልፈርድባቸውም። የራበው ሰው የወፍ ዕድሜ አይጠይቅም፤ ቢጠይቅስ ማን ይነግረዋል? እኛ ግን ቀለበቱን ቆጥረናል። ዝሆን አንድ ግልገል ለመውለድ 22 ወር ገደማ እንደምታረግዝም እናውቃለን። እያወቅን ከገደልን፣ «አላወቅንም ነበር» የምትለዋን ሰበብ ከየት እናመጣለን?