ርኅራኄ በትእዛዝ ይመጣልን?

የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2008 እስከ 2012 ዓ.ም. ሥራ ላይ ባዋለው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ አራት ዐበይት አጀንዳዎችን አስቀምጦ ነበር። ሦስቱ ስለ ጥራትና ፍትሐዊነት፣ ስለ መረጃ አያያዝና ስለ ወረዳዎች ለውጥ የሚናገሩ ናቸው። አራተኛው ግን ለየት ይላል፤ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ የጤና ባለሙያ ማፍራት ይላል። አንድ መንግሥት ሆስፒታል እንዲሠራ፣ መድኃኒት እንዲገዛ ዕቅድ ሊያወጣ ይችላል። ሰው እንዲራራ ግን ዕቅድ ማውጣት ይቻላልን? ነርሷ መርፌ እንድትወጋ ትታዘዛለች፤ ልቧ እንዲያዝንስ ማን ያዝዛታል? ካላዘነችስ፣ በፊቷ ፈገግ ብላ የምትሠራው ሥራ ግብዝነት አይሆንምን?

ውድ ወጣቶች፣ ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። የሚመለሰው አልጋ ላይ በተኙ አረጋውያን ገላ ላይ ነውና በደንብ እንየው።

ሐይቅ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ ከተማ ናት። ከአምባሰል ገደላገደልና ከተሁለደሬ ቀበሌዎች የታመመ አረጋዊ ወደ ሕክምና ሲመጣ ብዙ ጊዜ የሚመጣው በሰው ትከሻ ነው። በወሎ ቅሬ የምንለው ማኅበር የሞተ ለመቅበር ብቻ የቆመ አይደለም፤ መኪና በማይደርስበት ቦታ በሽተኛን በቃሬዛ ተሸክሞ ማድረስም የቅሬ ወግ ነው። ብዙ ቦታ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አንዱን ቃሬዛ አብረው ይሸከማሉ። እንግዲህ ያ ሁሉ ትከሻ የተለዋወጣቸው ሰው ሆስፒታል ሲደርሱ ካርዳቸው ላይ የሚጻፈው፣ «ወንድ፣ ዕድሜ 80» ብቻ ነው። እኚህ ሰው የ1966ቱንና የ1977ቱን ረሃብ በጎልማሳነታቸው ያዩ፣ ምናልባትም ልጅ የቀበሩ፣ ሽምግልና ተቀምጠው ደም ያደረቁ ይሆናሉ። ካርዱ ይህን አያውቅም።

አበው «እርጅና ብቻህን ና» የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ሆስፒታል ውስጥ እርጅና ብቻውን አይመጣም። የጆሮ መክበድ፣ የዓይን መፍዘዝ፣ ሽንት አለመቆጣጠር፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ሸክም ሆንሁ የሚል ኀፍረት አብረውት ይመጣሉ።

አሁን ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ርኅራኄ ስሜት ብቻ ከሆነ በትእዛዝ አይመጣም። ነገር ግን ጌታ ኢየሱስ ስለ ደጉ ሳምራዊ የተናገረውን ምሳሌ በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ልብ ብላችሁ አንብቡት። ስለ ሳምራዊው ስሜት የተነገረው ማዘኑ ብቻ ነው። የቀረው ሁሉ ሥራ ነው፤ ቀረበ፣ ዘይትና ወይን አፈሰሰ፣ ቁስሉን አሰረ፣ በራሱ እንስሳ ላይ ጫነ፣ ማደሪያ አገባ፣ በማግስቱም ገንዘብ ሰጠ። ካህኑና ሌዋዊውም ሲያልፉ ልባቸው ትንሽ ደንግጦ ሊሆን ይችላል፤ ታሪኩ ስለዚያ አይነግረንም። የሚነግረን ማለፋቸውን ነው።

በዚህ ምሳሌ ውስጥ ስንሰብክ የምንዘላቸው አንድ ሰው አሉ፤ የእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ። ሳምራዊው በማግስቱ ወደ መንገዱ ሄዷል። ከዚያ በኋላ ቁስሉን የሚፈታውና የሚያስረው፣ ውኃ የሚያቀርበው፣ ሌሊት ሲያቃስት የሚሰማው ያ ጠባቂ ነው፤ ያውም ተከፍሎት። ስለ ልቡ ስሜት አንድም ቃል አልተጻፈም። ዐደራ ተሰጠው፣ ሥራው ያ ሆነ። የዛሬዋን ነርስ የምትመስለው ከሳምራዊው ይልቅ ከእርሱ ጋር ነው። ደመወዝ መቀበሏ ርኅራኄዋን ውሸት አያደርገውም። የቆሰለው ሰው የተረፈው በአንዱ የድንገት ርኅራኄና በሌላው የየቀን ዐደራ ነው።

ዐደራው በአረጋውያን አልጋ አጠገብ ምን ይመስላል? ጥቃቅን ነገር ነው። ራሳቸውን ማገላበጥ የማይችሉ ሰው በየሁለት ሰዓቱ ገደማ ካልተገላበጡ አጥንታቸው ከፍራሹ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ደም እያጣ ይቆስላል፤ የአልጋ ቁስል የምንለው ይህ ነው። ተጋድመው ቢጎርሱ ምግቡ ወደ ሳንባ ሊገባ ስለሚችል ቀና ተደርገው መብላት አለባቸው። ውኃው እጃቸው የማይደርስበት ከተቀመጠ እንደሌለ ይቆጠራል። ዘመናዊ ነርስነትን የመሠረተችው ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1859 ባሳተመችው መጽሐፏ፣ በሽተኛን የሚያነጋግር ሰው በሽተኛው አንገቱን ሳያዞር በሚያየው ቦታ ይቀመጥ ብላ መክራለች። ይህን ለማድረግ ወንበር ብቻ ይበቃል።

ከዚያም አክብሮት አለ። የሰባና የሰማንያ ዓመት ሰው «አንተ»፣ «አንቺ» ሲባሉ፣ ሕመማቸው ሲጠየቅ ጥያቄው ለአስታማሚው ብቻ ሲሆን፣ ገላቸው በሰው ፊት ሲገለጥ ይታያል። አንዳንዱ ይህን የጠባይ ጉዳይ ብቻ ያደርገዋል። ነገር ግን ንቀት ሕክምናውንም ያሳውራል። አንድ አረጋዊ ትናንት ደኅና ሲያወሩ ቆይተው ዛሬ ቀንና ሌሊቱ ቢምታታባቸው፣ «ጃጅተዋል፣ የዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እንዲህ ያለ የድንገት መምታታት ግን ብዙ ጊዜ የሳንባ ወይም የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የውኃ ማነስ ወይም የመድኃኒት ጣጣ ምልክት ነው። በዕድሜ የገፋ ሰው ሳንባው ታሞ እንኳ ትኩሳቱ ላይጨምር ይችላል። «አባባ፣ ዛሬ እንዴት አደሩ?» ብላ መልሱን በትዕግሥት የምትሰማ ነርስ ከትናንት የተለየውን ትይዘዋለች። «አንቱ» የምትለው አፏ ዓይኗንም ይከፍተዋል።

እዚህ ላይ ተቃውሞ ይነሣል፤ ተቃውሞውም ከባድ ነው። አንዲት ተረኛ ነርስ ብዙ በሽተኞች ይዛ ሌሊቱን ብቻዋን ስታድር፣ በአንዱ አልጋ ደም የሚፈስሳት ወላድ፣ በሌላው ቀናቸው የተቃረበ ሽማግሌ ቢኖሩ፣ ጊዜዋን ለማን ትስጥ? መልሱ ግልጽ ነው፤ ወደ ወላዷ ትሩጥ። ይህ ሽማግሌውን መናቅ አይደለም፤ እርሳቸውም ቢጠየቁ «ሂጂ ልጄ» ይሉ ይሆናል። ድንገተኛው ይቀድማል። ክብር ግን ተራ አይጠብቅም። «አንቱ» ማለት «አንተ» ከማለት የበለጠ ደቂቃ አይወስድም። «እማማ፣ ቆይቼ እመጣለሁ፣ አብሽሩ» ብሎ መሄድ ዝም ብሎ ከመሄድ ብዙ አይረዝምም።

ማገላበጥና ማጉረስ ግን ጊዜም እጅም ይፈልጋሉ፤ ይህን መካድ አይገባም። በቂ ሰው ሳይመደብላት፣ ጓንትና አንሶላ ሳይሟላላት ነርሷን ልበ ደንዳና ማለት ራሱ ግፍ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደዚህ አካባቢ በደረሰ ጊዜ የደሴው ሆስፒታል ተዘርፎ እንደነበር አንረሳም። ባዶ ክፍል ውስጥ ርኅራኄን ብቻ መጠየቅ አይቻልም። ስለዚህ ርኅራኄን የሚያዝዝ ዕቅድ ራሱም ይታዘዛል፤ ሩኅሩኅ ሁኚ ያላትን ነርስ የምትራራበትን እጅ፣ ዕቃና ዕረፍት ሊሰጣት ይገባል።

ግብዝነት ለሚለው ጥያቄስ ምን እንመልስ? ነርሷ ደክሟት፣ ልቧ ቀዝቅዞ ሳለ አዛውንቷን በለስላሳ እጅ ብታገላብጣቸው ግብዝ አትባልም። ግብዝ የሚባለው ለመታየት የሚያደርግ ነው፤ እርሷ ግን በሌሊት፣ ማንም ሳያያት፣ ለታማሚዋ ስትል አድርጋዋለች። ስሜቱ ብዙ ጊዜ ከሥራው ኋላ ይመጣል፤ ባይመጣም ገላቸው አይቆስልም። ሆኖም ሥራው ብቻ በቂ ነው ብለን አንደምድም። ሰውን እንደ ዕቃ እያነሡ በትክክል ማስቀመጥም ይቻላልና። ልዩነቱ ያለው አረጋዊው ስለ ራሳቸው የሚሉትን በመስማት ነው።

ቤርዜሊን አስታውሱ። ዳዊት በስደት ሳለ መኝታና ምግብ ያቀረበለት ባለጠጋ ነው። ንጉሡ ሊክሰው ወደ ኢየሩሳሌም ሲጋብዘው፣ ዕድሜው 80 መሆኑን፣ የሚበላውን እንደማያጣጥም፣ የዘፋኞችን ድምፅ እንደማይሰማ ነግሮ በአገሩ፣ በወላጆቹ መቃብር አጠገብ መሞት እንደሚፈልግ ገለጸ። ዳዊት አልተከራከረውም፤ ስሞ መርቆ ሸኘው። በእኛ ዘንድ ግን «ቤቴ ውሰዱኝ» ያሉትን ወይም «ገና አልጨረስሁም፣ አክሙኝ» ያሉትን አረጋዊ ቃል ሳንሰማ፣ በእርሳቸው አልጋ አናት ላይ ቆመን እኛ እንወስናለን። ጌታም ለጴጥሮስ በባሕሩ ዳር ሲናገረው፣ ሲሸመግል እጁን እንደሚዘረጋና ሌላ እንደሚያስታጥቀው ነግሮታል። ቃሉ ስለ ጴጥሮስ ሞት ቢነገርም፣ ስዕሉ የእያንዳንዳችን ነው። የሚያለብሰን ሌላ ሰው የሚሆንበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ቀሚሳችንን ከመጎተቱ በፊት እንዲጠይቀን እንመኛለን።

ታዲያ የወጣት ኅብረቶቻችን ምን ያድርጉ? ሆስፒታል ሄደን መዘመርን እናውቃለን፤ መልካም ነው። ከመዘመር በፊት ግን ተረኛዋን ነርስ «ምን እናግዝ?» ብለን እንጠይቅ። ምናልባት አስታማሚ የሌላቸውን እማማ ማጉረስ፣ አንሶላ ማጠብ፣ ከመድኃኒት ቤት መመላለስ ትለን ይሆናል። ሌላም ነገር አለ። በሐይቅ ሆስፒታል ከምናገኛቸው አረጋውያን ብዙዎቹ ሙስሊሞችና ኦርቶዶክሳውያን ናቸው። ተነሥቶ መሄድ ለማይችል ሰው በጉርሻ መሐል መስበክ እምነታችንን እንደ ወጥመድ ያስመስለዋል። ሳምራዊው ለቆሰለው ሰው ዘይት አፈሰሰ እንጂ ክርክር አልከፈተም። ሲጠይቁን እንመልስ፤ ሳይጠይቁን እናጉርስ። ሼሁ ዱዓ ቢያደርጉልን፣ እማማ ቢመርቁን፣ «አሜን» ብለን እንቀበል።

ርኅራኄ እንግዲህ በትእዛዝ ይመጣልን? ስሜቱ አይመጣም። ዐደራው ግን ይመጣል፤ ለጠባቂው እንደ መጣለት፣ ለቅሬው እንደሚመጣበት። ቃሬዛ የሚሸከም ጎረምሳ ልቤ ሲነካ እሸከማለሁ አይልም፤ ተራው ሲደርስ ትከሻውን ይሰጣል። ሆስፒታሉ በር ላይ ቃሬዛው ሲወርድም ተራው አላለቀም።