ድሎትና ጥንቃቄ

ከእንጅባራም ሆነ ከዳንግላ ተነሥቶ ባሕር ዳር ላይ አውሮፕላን የሚሳፈር ወጣት፣ በከፈለው ገንዘብ ሁለት ነገር ያገኝ ዘንድ ይጠብቃል፤ በሰላም መድረስንና ተደላድሎ መጓዝን። ሁለቱም ተገቢ ናቸው። ነገር ግን ሁለቱ በተጋጩ ጊዜ የትኛው ለየትኛው ይልቀቅ? ሁሉም ሰው «ሕይወት ይቀድማል» ብሎ ይመልሳል። ሆኖም ቀበቶ እሰሩ፣ ወንበር አቅኑ፣ የመስኮቱን መሸፈኛ ክፈቱ በተባልን ጊዜ ብዙዎቻችን ፊታችንን እናጠቁራለን።

ትእዛዙ ሁሉ ግን ምክንያት አለው። ቀበቶ የሚታሰረው ሰማዩ ጠርቶ ሳለ እንኳ አየሩ አውሮፕላኑን በድንገት ሊያናውጠው ስለሚችል ነው። ወንበር የሚቀናው ከኋላ ያለው ሰው መውጫ እንዳያጣ ነው። መስኮት የሚከፈተውም በውጭ እሳት ቢነሣ ቶሎ እንዲታይ ነው።

ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ይበር የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 767 አውሮፕላን በሦስት ሰዎች ተጠለፈ። ጠላፊዎቹ ወደ አውስትራሊያ ውሰዱን ብለው አስገደዱ፤ ነዳጁም በመንገድ አለቀ። ካፒቴን ልዑል አባተ አውሮፕላኑን በኮሞሮስ ጠረፍ አጠገብ ባሕር ላይ አሳረፈው። ከ175ቱ ሰዎች 125ቱ ሞቱ። ከእነዚህም መካከል ከግጭቱ ተርፈው የነበሩ አሉ፤ ነገር ግን የሕይወት አድን ጃኬታቸውን ገና ከውስጥ ሳሉ ነፍተውት ስለ ነበር፣ ውሃው ሲሞላ ወደ ጣሪያው አንሥቶ ያዛቸው፤ ጠልቀው ወደ መውጫው ሊደርሱ አልቻሉም። ሙታኑን ልንወቅስ አይገባንም፤ በዚያ ጭንቅ ውስጥ ማስጠንቀቂያ አጥርቶ የሚሰማ ጆሮ ያለው ማን ነው? ነገር ግን የተነፋ ጃኬት ልብን እንደሚያጽናና፣ የሚያጽናና ሁሉም እንደማያድን እናስተውል።

ድሎት የስሜት ነው፤ ጥንቃቄ ግን በሰከነ ጊዜ የተመከረ ምክር ነው። በአዊ ምድር ፈረስ የለመደ ሰው ይህን ያውቃል። የላላ የኮርቻ ማሰሪያ ለፈረሱ ይመቸዋል፤ ዳገቱ ሲመጣ ግን ኮርቻው ይዞራል፣ ጋላቢውም ይወድቃል።

ይህን ስል ድሎት ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም። ለደከመ ሽማግሌና ሕፃን ለታቀፈች እናት ምቾትን መስጠት ምግባር ነው። ደግሞም በቁጣ የተነገረ ትእዛዝ የተቆጣጣሪው ዐይን እስኪዞር ድረስ ብቻ ይፈጸማል፤ ምክንያቱ በትሕትና የተገለጸ ትእዛዝ ግን በልብ ያድራል። ስለዚህ አስተናጋጆች አክብሮትን፣ መንገደኞችም መታዘዝን አይንፈጉ።

ታኅሣሥ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. በቶኪዮ ሐኔዳ አየር ማረፊያ ሁለት አውሮፕላኖች ተጋጭተው ተቃጠሉ። በአነስተኛው ውስጥ ከነበሩት አምስት ሰዎች ሞቱ፤ በትልቁ የጃፓን አየር መንገድ አውሮፕላን ውስጥ የነበሩት 379 ሰዎች ግን ሁሉም በሕይወት ወጡ። ብዙዎቹ ሻንጣቸውን ትተው ነበር የወጡት። አንዱ ዕቃውን ለማውረድ ቢቆም ኖሮ ከኋላው ያለው ሰው መንገድ ባጣ ነበር።

እንግዲህ ወጣቶች ሆይ፣ ድሎታችሁ የእናንተ ብቻ ነው፤ ጥንቃቄያችሁ ግን አጠገባችሁ የተቀመጠው የማታውቁት ሰውም ድርሻ አለበት። አስተናጋጇ ቆማ ስታስረዳ ቀና ብላችሁ ስሟት።