ምጣዱስ?

ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ ከኮብልስቶኑ መንገድ ገባ ብሎ አንድ ሰፊ ግቢ ነበረ። አባወራው ዘጠኝ ልጆች አሳድጎ፣ ጓሮው ላይ ወፍጮ ተክሎ ይኖራል። ወፍጮው ባለ ሦስት ፌዝ ነው፤ ጤፉንም በቆሎውንም አልሞ ይፈጫል። ግቢው የጎደለው አንድ ነገር ቢኖር በር ነው። የአባት ርስት ሳይከፈል በፊት እስከ ዋናው መንገድ ያለው ሁሉ የእነርሱ ነበር። ሲከፈል ግን የመንገዱ ፊት ለወንድም ደረሰ። ወንድማማቾቹ ጥቂት ዓመት ተቻችለው ቆዩና በድንበር ተጣሉ፤ ደም ተፋሰሱ፤ በሩም ተዘጋ።

ከዚያ ወዲህ እህል የጫነ ጋሪ፣ ዱቄት የተሸከመች እናት፣ ሁሉም የሚያልፈው በሌላው ጎረቤት ጠባብ ግቢ ነው። ጎረቤትየው ለያንዳንዱ ጋሪ ያስከፍላል። አባወራው ይከፍላል፤ እየከፈለም ይብሰለሰላል።

በፍቼ ጨምበላላ ሰሞን ቡና ተፈልቶ ሰው በተሰበሰበበት አባወራው ሆዱ የቋጠረውን አወጣው። «ቤተሰቤ ብዙ ነው። እንዲህ ታፍኜ አልኖርም። በር ማግኘቴ አይቀርም፤ ወደዱም ጠሉም» አለ። የሰማው ሁሉ ዝም አለ። ጎረቤትየውም እዚያው ተቀምጦ ነበር። ስኒውን አስቀምጦ፣ ቡናውን ሳይጨርስ ወጣ።

በማግስቱ በሩ ላይ እንደ ጡብ የሚከብድ ጓጉንቸር ተንጠለጠለ። እህል ይዘው የመጡ እናቶች ከበሩ ውጭ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁ፤ ፀሐዩ ሲበረታ አንድ በአንድ ተነሥተው ወደ ሌላ ሰፈር ወፍጮ ሄዱ። ከሰዓት በኋላ ወፍጮ ቤቱ ጸጥ አለ። ልጆቹ መጥረቢያ ይዘው ተነሡ።

እናታቸው ደጃፉ ላይ ቆመች። «መጥረቢያው በሩን ይሰብረዋል፤ ይሁን። በተሰበረ በር እህሏን ተሸክማ የምትገባ ሴት ግን ማን ናት? ፖሊስና ሽማግሌ በተኮለኮለበት ደጅ ማን ያስፈጫል?» አለቻቸው። ልጆቹ መጥረቢያውን አልጣሉም፤ ግን ተቀመጡ።

እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ጎረቤት ሄደች። የጎረቤትየው ሚስት እንጀራ ጋግራ መናኸሪያ አካባቢ ላሉ ምግብ ቤቶች የምታስረክብ ሴት ናት። ጭስ በጠገበ ማድ ቤት፣ በእርጥብ የባሕር ዛፍ እንጨት፣ ዓይኗ ፍም መስሎ አገኘቻት። ስለ በሩ አንድም ቃል አልተናገረችም። «እንጨቱ ስንት ገባ?» ብላ ጠየቀች። ተቀምጠው ተነጋገሩ። ስትወጣ ያየችው ሌላ ነገር ደግሞ ነበረ፦ የጎረቤትየው ልጆች የሷን ልጆች ሲያዩ ወደ ቤት ይሮጣሉ።

ማታ ለባሏ ነገረችው፦ ከእኛ መስመር ገመድ እንሳብላቸው፤ ቆጣሪ ይኑረው፤ ዋጋው ከእንጨቱ ይቅለል፤ ውሉ በሽማግሌ ፊት ይጻፍ።

«በር ለዘጋብኝ ሰው መብራት?» አለ።

«በሩን የዘጋብህኮ ስለፈራህ ነው። ዘጠኝ ልጅ አለህ፤ እሱ ሁለት። አንተ ስትቆጣ አንተን ብቻ አይደለም የሚሰማው።»

ገመዱ አልከበደውም። የከበደው ቡና ላይ የተናገረውን ቃል ሄዶ ማንሳት ነበር። ሦስት ቀን ቆየ። በአራተኛው ሄደ፤ ተቀመጠ፤ «ያን ቀን የተናገርኩት ልክ አልነበረም» አለ። ከዚያ በኋላ ሦስት ምሰሶ ተተከለ፣ ገመዱ ተዘረጋ፣ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተገዛ፣ ጓጉንቸሩም ወረደ።

ዓመት ሳይሞላ ጋሪ የጎረቤትየውን የውኃ ቧንቧ ሰበረ። ጭቅጭቅ ተነሣ፤ ጎረቤትየው ወደ ቤት ገብቶ ጓጉንቸሩን ይዞ ወጣ። ሚስቱ ማሰሻውን እንደያዘች ከማድ ቤት ብቅ ብላ አየችው።

«ምጣዱስ?» አለችው።

ቆመ። ጓጉንቸሩን መስኮቱ ላይ አስቀመጠና የቧንቧ ሠራተኛ ፍለጋ ሄደ። በዚያው ሳምንት አባወራውም በንዴት መብራቱን ሊቆርጥ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው እጁን ሰድዶ ነበር። ትልቁ ልጁ «እናቶቹ በየት በኩል ይግቡ?» ሲለው እጁን መለሰ።

ይህች ቤት አገር ናት። ኢትዮጵያ በ1985 ዓ.ም ኤርትራ ነፃ ስትወጣ የባሕር ፊቷን አጣች፤ ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም የተደረገው ጦርነት ደግሞ የአሰብን በር ዘጋው። ከዚያ ወዲህ የምናስገባው ዕቃ አብዛኛው የሚያልፈው በጅቡቲ በር ነው። በ2008 ዓ.ም በተመረቀው በሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ የሚሰፋው ሸሚዝ ባሕር የሚሻገረው በዚያው በር ነው። በሩን መፈለጋችን ትክክል ነው። ከ100 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ያለው አገር በአንዲት ጠባብ በር ልኑር ብሎ ሊረካ አይችልም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ቡና ላይ የምንናገረው ነው።

ገመዱንማ ዘርግተናል። ለጅቡቲ ከ2003 ዓ.ም ጀምሮ መብራት እንሸጣለን። ከሐዋሳ ብዙም ከማይርቀው ከወላይታ ሶዶ ተነሥቶ ኬንያ ሱስዋ የሚደርሰው፣ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ የሚረዝመው ባለ 500 ኪሎ ቮልት መስመር በ2015 ዓ.ም ሥራ ጀምሯል፤ ውሉ የ25 ዓመት ነው። የሕዳሴው ግድብም ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም ተመርቋል። ይህ ሁሉ በጎረቤት ማድ ቤት ምጣድ ማስገባት ነው፤ ከማንኛውም ንግግር የበለጠ በር ይከፍታል ብዬ አምናለሁ። ግን ገመድ ብቻውን አይበቃም። በ2016 ዓ.ም ከሶማሌላንድ ጋር ስለ ባሕር በር የተፈረመው የመግባቢያ ሰነድ ሶማሊያን ክፉኛ አስቆጥቶ፣ ነገሩ የበረደው ከአሥራ አንድ ወር በኋላ በአንካራ ድርድር ነው።

ይህን ስናስብ ወደ ኢንዶኔዥያ ማየት ይጠቅመናል። እንግዳ አገር አይደለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1955 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም እ.ኤ.አ. ናቸው) በባንዱንግ ጉባኤ ኢትዮጵያ ተቀምጣለች። እንደኛ በሕዝብ ብዛት ጎረቤቶቿን የምታስፈራ አገር ናት። በሱካርኖ ዘመን፣ ከ1963 እስከ 1966፣ ማሌዢያን እጨፈልቃለሁ ብላ መጥረቢያ አንሥታ ነበር። በ1965 ሲንጋፖር ውስጥ ቦምብ ፈንድቶ ሦስት ሰዎች ሞቱ፤ ቦምቡን ያጠመዱትን ሁለት የኢንዶኔዥያ ወታደሮች ሲንጋፖር በ1968 ሰቀለቻቸው፤ ጃካርታም ውስጥ ኤምባሲዋ ተዘረፈ። እንዲህ የተቃቃሩ ሰዎች የሚታረቁ አይመስልም። ነገር ግን በ1973 የሲንጋፖሩ ጠቅላይ ሚኒስትር ሊ ኳን ዩ ጃካርታ ሄዶ፣ አገሩ በሰቀለቻቸው በነዚያ ሁለት ሰዎች መቃብር ላይ አበባ በተነ። ቃልን ሄዶ ማንሳት ማለት ይህ ነው።

ትልቋ ኢንዶኔዥያም ራሷን ዝቅ አድርጋለች። በነሐሴ 1967 ባንኮክ ላይ ከማሌዢያ፣ ከፊሊፒንስ፣ ከሲንጋፖርና ከታይላንድ ጋር አሴአንን ስትመሠርት፣ ሁሉም እኩል ድምፅ ኖሮት በስምምነት ብቻ በሚወሰንበት ማኅበር ውስጥ ለመቀመጥ ተስማማች። ከ2001 ጀምሮ ደግሞ ከናቱና ባሕር የሚወጣው ጋዟ በባሕር ሥር ቧንቧ ሲንጋፖር ይደርሳል፤ የሲንጋፖርን የኃይል ማመንጫ ያንቀሳቅሳል። መጥረቢያዋን ጨርሳ ጥላለች ማለቴ አይደለም። በ1975 ምሥራቅ ቲሞርን ወርራ 24 ዓመት ይዛለች፤ ብዙ ሰው አልቋል። ሕዝቡ በ1999 በድምፁ ለየ። ያቺው ቲሞር ሌስቴ በ2025 የአሴአን 11ኛ አባል ሆና ከኢንዶኔዥያ ጋር በአንድ ጠረጴዛ ተቀምጣለች። ኢንዶኔዥያ የነፃነቷን 100ኛ ዓመት በምታከብርበት በ2045 ከበለጸጉት አገሮች ተርታ እገባለሁ ብላ ስታቅድ፣ የምታቅደው በሯ ላይ የሚተኩስ ጎረቤት ሳይኖር ነው።

ስለዚህ ስለ ወደብ የምንናገር ሁሉ፣ ባለሥልጣኑም፣ ጋዜጠኛውም፣ ሐዋሳ ሐይቅ ዳር ቡና ይዘን የተቀመጥነውም፣ ጎረቤታችን እዚያው ተቀምጦ እንደሚሰማን አውቀን እንናገር።