ሰው የሌለው በሽተኛ

ንባብ፦ የዮሐንስ ወንጌል 5፥1-9



በኢየሩሳሌም በመጠመቂያው አጠገብ 38 ዓመት የታመመ ሰው ተኝቶ ነበር። ውኃው ከዓይኑ ፊት ነበረ፤ በሩም አልተዘጋበትም። ነገር ግን ጌታ በጠየቀው ጊዜ፣ ወደ ውኃው የሚያወርደው ሰው እንደሌለው ነገረው። ጉልበትና ወገን ያለው ሁልጊዜ ይቀድመው ነበር። እንግዲህ የዚህ በሽተኛ ችግር ሰው ማጣት ነበረ።

ይህ ነገር በአገራችንም አለ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ30,000 የሚበልጡ ሠራተኞችን ወደየቀበሌው ልኮአል፤ ስለዚህ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2019 የተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት እንደሚያሳየው፣ ከከተማ እናቶች ከተወለዱት 100 ሕፃናት 70 ያህሉ በጤና ተቋም ሲወለዱ፣ ከገጠር እናቶች ግን 40 ያህሉ ብቻ ናቸው። ሁለቱንም እናቶች አንድ አምላክ ፈጠራቸው፤ አንዲቱን ግን ርቀትና ድኽነት ከደጅ ያስቀሩአታል።

እ.ኤ.አ. በ2011 በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ይህን ሸክም ለማቃለል የታሰበ ነው። ቤተ ሰብ ሁሉ በየዓመቱ መዋጮ ያገባል፤ የታመመው በዚያ ይታከማል፤ መክፈል ለማይችለው ድኻም መንግሥት ይከፍልለታል። ነገር ግን፣ «ዘንድሮ አልታመምሁም፤ ገንዘቤ ባከነ» የሚል አለ። ወንድሜ ሆይ፣ አልባከነም፤ የጎረቤትህን ልጅ አሳክሞአል። እኛ ጎረቤት ሲሞት በዕድራችን ድንኳን እንተክላለን፣ ሬሳም እንሸከማለን። ለሞተው የሰጠነውን ትከሻ፣ በሕይወት ሳለ ለታመመው ስለ ምን እንነፍገዋለን?

ደግሞም የድኾች ስም በቀበሌ ሲመዘገብ፣ ዘመዱን ለማስገባት ሲል የመበለቲቱን ስም የሚያስቀር ሰው ማን ነው? በመጠመቂያው ዳር በሽተኛውን ገፍቶ የሚቀድም እርሱ ነው። በመዝገብ ላይ የተጻፈ ስም ቀላል ነገር አይምሰለን፤ ለመበለቲቱ የሕይወትና የሞት ነገር ነውና።

ጌታችን ግን ብዙ በሽተኞች በተኙበት መካከል አልፎ፣ ማንም ወደሌለው ሰው ቀረበ። ዋጋ አልጠየቀውም፤ በቃሉ አስነሣው። እኛም በኃጢአታችን ተኝተን ሳለን የሚያነሣን ሰው አልነበረንም፤ የእግዚአብሔር ልጅ ራሱ ሰው ሆነልን። ስለዚህ ለድኻው የምናደርገው መዳናችንን ለመግዛት አይደለም፤ በነጻ ስለ ተቀበልን ነው።

እንግዲህ ከዚህ ስንወጣ እያንዳንዳችን በሠፈራችን ሰው የሌለውን በሽተኛ እንፈልግ። ቃሬዛውን እንያዝለት፤ መዋጮው ቢያቅተው እናግዘው፤ ስሙ ከመዝገብ ቢጠፋ ስለ እርሱ እንናገርለት።

ጌታ ሆይ፣ አንተ ለእኛ ሰው እንደ ሆንህልን፣ እኛንም ለወንድማችን ሰው አድርገን። አሜን።