አማላጅ የማይለውጠው ፍርድ

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሶላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሓቦቻቸው ላይ ይውረድ። የአላህ ባሮች ሆይ! ነፍሴንም እናንተንም አላህን በመፍራት አደራ እላለሁ።

ከዚህ በመቀጠል፦ ከተከበረው የበኑ መኽዙም ጎሣ አንዲት ሴት ሰረቀች። ቁረይሾች ጨነቃቸውና አማላጅ ላኩ፤ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አብዝተው የሚወዱትን ኡሳማን፣ የሐበሻዋን የኡሙ አይመንን ልጅ። ረሱል ተቆጡ። የቀደሙት ሕዝቦች የጠፉት ባለክብሩን እያለፉ ደካማውን በመቅጣታቸው ነው አሉ፤ ልጃቸው ፋጢማ ብትሰርቅ እንኳ ፍርዱ እንደማይለወጥ በአላህ ማሉ።

ዛሬስ ሕግ ለሁሉም እኩል ነው ወይ ብለን እንጠይቅ። በምንኖርበት አሜሪካ መሳሪያ መያዝ በሕገ መንግሥቱ የሰፈረ መብት ነው። የማን መብት? እ.ኤ.አ. በ1857 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በዳኘው የድሬድ ስኮት ጉዳይ ጥቁሮች ዜጋ ሊሆኑ አይችሉም የተባለበት አንዱ ምክንያት፣ ዜጋ ከሆኑማ በሄዱበት መሳሪያ ሊይዙ ነው የሚል ነበር። በ1967 የጥቁሮች መብት ታጋዮቹ ብላክ ፓንተሮች ሕጉ በፈቀደላቸው መሠረት ጠመንጃ አንግተው የኦክላንድን ፖሊስ ይከታተሉ ነበር፤ የካሊፎርኒያ ምክር ቤት ድረስም ይዘውት ገቡ። በዚያው ዓመት ገዥው ሮናልድ ሬገን ጥይት የጎረሰ መሳሪያ በአደባባይ መያዝን የሚከለክል ሕግ ፈረሙ። በ2020 በኮሮና ገደብ የተቆጡ፣ አብዛኞቹ ነጭ የሆኑ ሰዎች ከነጠመንጃቸው የሚሺጋን ምክር ቤት ገቡ። በሰላም ወደየቤታቸው ተመለሱ።

ጥቁሩ ፊላንዶ ካስቲል ግን አልተመለሰም። በ2016 ሚኒሶታ ውስጥ ፖሊስ መኪናውን አስቆመው። የትምህርት ቤት ምግብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ የመሳሪያ ፈቃድ አለው። መሳሪያ መያዙን ራሱ በትሕትና ተናገረ። ሰባት ጥይት ተተኮሰበት፤ ከኋላ ወንበር የአራት ዓመት ሕፃን ተቀምጣለች። ፖሊሱ ለሕይወቴ ፈርቼ ነው አለ፤ ጁሪው በነጻ ለቀቀው።

ፈራሁ ማለቱን ውሸት ነው አልልም። ከውሸት የሚከፋው እውነት መሆኑ ነው፤ ሰው እውነት ሲናገር እንኳ የሚያስፈራ መልክ አለ ማለት ነውና። ሱረቱል ሑጁራት ከብዙ ጥርጣሬ እንድንርቅ ታዝዛለች። ይህ ትእዛዝ መሳሪያ ለታጠቀ ሰው ምን ያህል ይከብዳል!

«እኛ ሐበሾች ነን፣ ነገሩ የእነሱ፣ የጥቁር አሜሪካውያኑ ነው» የሚል ወሬ ከመስጊዱ በር ላይ እሰማለሁ። በመስኮት አጎንብሶ የሚያይ ፖሊስ አገርህ የት ነው ብሎ አይጀምርም። ደግሞስ ጥቁር ወጣት ሲያልፍ የመኪናውን በር የሚቆልፍ ከመካከላችን የለም? አቡ ዘር አንድን ሰው በእናቱ ዘር ቢሰድቡት ረሱል የጃሂሊያ ጠባይ አለብህ አሏቸው፤ እሳቸው እኮ ታላቅ ሶሓባ ነበሩ!

ዜግነት ያገኛችሁ ወንድሞችና እህቶች! የጁሪ መጥሪያ ሲደርሳችሁ በሥራ እያመካኛችሁ አትሽሹ። ሱረቱን ኒሳእ በነፍሳችን ላይ እንኳ ቢሆን ለፍትሕ እንድንመሰክር ታዝዛለች። ሂዱና ተቀመጡ። አንዱ ፈራሁ ሲል ምን አይቶ እንደፈራ፣ የፊቱ ሰው ነጭ ቢሆን ኖሮ ይተኩስ እንደነበር ጠይቁ።

ይህን ተናግሬ ለእኔም ለእናንተም አላህን ምሕረት እለምናለሁ፤ እናንተም ለምኑት።