በፈቃድ መተውና በግድ ማጣት

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፥ አስቀድሞም የከበደው ኑሮ ይልቁን እየከበደ ሄዶ፥ ብዙው ሰው ዘይትና ጤፍ ሊገዛ ወጥቶ ግማሹን ትቶ ሲመለስ፥ በልቡናዬ የሚመላለሰው ጥያቄ፥ ችግር ያስገደደው ቍጥብነት ከምግባር ይቈጠራልን? የሚል ነው።

የቤተ ክርስቲያናችን ሰባቱ አጽዋማት ባለጸጋውንም ድኻውንም በአንድ ሕግ የሚያዝዙ፥ ዐቢይ ጾምም 55 ቀን ሥጋንና ወተትን ከሁሉም ማዕድ የሚያርቅ ስለ ሆነ፥ መተው የነፍስ ሥልጣን እንጂ የድኽነት ምልክት አለመሆኑን ከሕፃንነታችን ተምረናል። ዳሩ ግን ከጾመኛው ማዕድ የተረፈው ለነዳያን ካልደረሰ፥ ያ ጾም ከንፍገት በምን ይለያል?

ራስን መቻልም እንዲሁ ምግባር የሚሆነው ለሌላው ሲተርፍ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በግብጽ የማኅበር ገዳምን ሥርዓት የሠራው አባ ጳኵሚስ፥ መነኮሳቱ ከጸሎት ጋራ የእጅ ሥራን አስተባብረው እንዲኖሩ ያዘዘው፥ ከሰው እንዲለዩ ብቻ ሳይሆን፥ በማንም ላይ ሸክም ሳይሆኑ ለእንግዳና ለችግረኛ የሚሰጡት እንዲኖራቸው ነው፤ በጓሮው ጎመን የሚተክል የከተማ ሰውም፥ መደቡ ጠባብ ቢሆን እንኳ፥ በዚሁ መንገድ ላይ ነው።

ልጆቿን በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ለምታበላ እናት ግን ቍጥብነትን መስበክ ኀጢአት ነው እላለሁ፤ የምትተወው የላትምና። ስለዚህ በየአጥቢያው ያሉ የሰንበቴ ማኅበርተኞች የድግሳቸውን ወጪ ቀንሰው፥ የተረፈውን እህል እንዲህ ላለው ቤት ቢያደርሱ ምኞቴ ነው።